የመራጭነት ፎርማችሁ "ጎደሎ ነው" ተብሎ የተመለሰባችሁ፣ ጠይቁ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ምርጫ ጣቢያ ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠረጴዛ ዘርግተን ብዙ ሰው አስመዝግበናል። ሰሞኑን "ፎርሜን መለሱብኝ፣ ተጭበረበርኩ" የሚል ስሞታ በዝቷልና የማውቀውን ልመልስ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ልበል። ፎርሙ ላይ "የአሜሪካ ዜጋ ነዎት?" የምትለዋን የዜግነት ሳጥን ባዶ አትተዉ። ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁ ደግሞ የመራጭ ፎርም ላይ አትፈርሙ። ስትጠይቁ ስቴታችሁን ጻፉ።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ ጋሼ፣ ሲቲዝን ከሆንኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል፣ መርጬም አውቃለሁ። በ2024 ግን ከመዝገብ ተሰርዘሻል የሚል ደብዳቤ መጣብኝ። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ምንም አላጠፋሽም እህቴ። ዲኤምቪ ሄደሽ መንጃ ፈቃድ ስታሳድሺ "የአሜሪካ ዜጋ ነዎት?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። ከኋላሽ ሰልፍ አለ፣ ልጅ ይዘሻል፣ ትቸኩያለሽ፣ ሳትመልሺ ታልፊዋለሽ። ወይም "አይደለሁም" የሚለውን ሳታስቢው ትነኪያለሽ። የያኔው አገረ ገዥ ግሌን ያንግኪን ኦገስት 7 ቀን 2024 ባወጡት ትእዛዝ እንዲህ ያሉ ስሞች ከመራጮች መዝገብ ጋር በየቀኑ ይመሳከሩ ጀመር። ደብዳቤ ይላካል፣ በ14 ቀን ውስጥ ዜጋ ነኝ ብለሽ ካልመለስሽ ስምሽ ይወጣል። ከ1,600 በላይ ሰው እንዲህ ወጣ፣ ዜጎችም ነበሩበት። የፌዴራል ሕግ ምርጫ 90 ቀን ከቀረው በኋላ በጅምላ መሰረዝን ይከለክላል። ትእዛዙ የወጣው ልክ 90 ቀን ሲቀር ነው። ኦክቶበር 25 የፌዴራል ዳኛዋ ስሞቹ ይመለሱ ብላ አዘዘች። በአምስተኛው ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የእሷን ትእዛዝ አገደው።

አሁን እንደገና ተመዝገቢ። ቨርጂኒያ ከ2022 ጀምሮ በምርጫው ቀንም መመዝገብ ይቻላል። የዚያን ቀን የምትሰጪው ድምፅ ፕሮቪዥናል ይባላል፣ ለብቻው ተይዞ ከተጣራ በኋላ ይቆጠራል።

ስቴቱን ያልጻፈ አባል፦ የኔም ተመልሷል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የትኛው ስቴት? ደብዳቤው ምን ይላል? እሱን ጻፍ።

ከክላርክስተን፣ ጆርጂያ፦ የአባቴ ስም ገብረ ማርያም ነው። መንጃ ፈቃዴ ላይ ተለያይቶ ነው የተጻፈው፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዴ ላይ ግን ተጣብቋል። ለምዝገባ ችግር ያመጣል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። የኛ ሰው ትልቁ ጣጣ ይሄ ነው።

ፎርምህን ከመንጃ ፈቃድ ወይም ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር የሚያመሳክረው ሲስተም የሚያውቀው የፊደል ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ገብረ ማርያምና ገብረማርያም ለሱ ሁለት ሰው ናቸው። በዚያ ላይ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የአባታችን ስም የመጨረሻ ስም ይሆናል፣ የአያታችን አንዴ መሐል ይገባል፣ አንዴ ጨርሶ ይወድቃል፣ አንዴ ከአባታችን ጋር ተጣብቆ ይጻፋል። ጽጌን በእንግሊዝኛ ስንጽፍ አንዱ ቢሮ መጨረሻ ላይ ፊደል ይጨምራል፣ ሌላው ይቀንሳል። አንዲት እናት ጠረጴዛችን ጋ መጥተው ሦስት ካርድ ዘረጉ፤ የስማቸው አጻጻፍ በሦስቱም ይለያያል። ሦስቱም የሳቸው ናቸው፣ አንዱም የተጭበረበረ አይደለም።

ጆርጂያ በ2018 ያደረገችውን አስታውሱ። "ፍጹም መመሳሰል" በሚል ደንብ አንዲት ሰረዝ ስትጎድል ምዝገባው ይንጠለጠል ነበር። ወደ 53,000 ሰው ተንጠለጠለ፣ አሶሺየትድ ፕሬስ እንደዘገበው 70 በመቶ ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ። የምርጫው የበላይ ኃላፊ ብራያን ኬምፕ ነበር፣ ለአገረ ገዥነት የሚወዳደረውም እሱው ነበር። ስቴሲ ኤብራምስን ያሸነፈው በ55,000 ድምፅ ገደማ ነው። በሕጉ የተንጠለጠለ ሰው መታወቂያ ይዞ ሄዶ መምረጥ ይችል ነበር። ግን "ምዝገባህ አልተጠናቀቀም" የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሰው መች ይሄዳል? ቤቱ ይቀራል። ደንቡ በ2019 ላላ።

ለአንተ የምለው፣ መጀመሪያ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሂድና ስምህን አስተካክል። ዜግነት ስታገኝ እዚያም ዲኤምቪም ያለው መዝገብ በራሱ ላይታደስ ይችላል፤ ግሪን ካርድ በነበረህ ጊዜ የተመዘገበው እዚያው ሊቀመጥ ይችላል። የዜግነት ወረቀትህን ይዘህ ሄደህ አሳድሰው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ጻፍ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። እኔ ልርዳት?

መልስ፦ እርዳት፣ ፊርማው ግን የራሷ ይሁን። ድምፅ ስትሰጥም የመረጠችውን ረዳት ይዛ መግባት ትችላለች። አሠሪዋና የሠራተኛ ማኅበሯ ተወካይ ብቻ አይፈቀድላቸውም።

ከዴንቨር፦ ይሄ ሁሉ የታሰበበት ማጭበርበር ነው። ምርጫ 97ን ያየ ሰው ያውቀዋል።

ከዳላስ፦ የአንድ ወገን ብቻ አታውራ። ፔንሲልቬንያ ላንካስተር ካውንቲ በ2024 ወደ 2,500 ፎርም በአንዴ ተጠርጥሮ የለም እንዴ? የሚያጭበረብሩት እነማን ናቸው?

ከዴንቨር፦ አንተ የፓርቲህን ነው የምታወራው።

መልስ፦ እዚህ ላይ ልግባ። 97 ሌላ ታሪክ ነው፣ እሱን ከዚህ አትቀላቅሉት። የላንካስተሩ ደግሞ የምዝገባ ፎርም ነው፣ የተሰጠ ድምፅ አይደለም። ሰብሳቢዎች ተቀጥረው ፎርም ሲያስሞሉ ሰነፉ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሐሰት ስም ይሞላል። ወንጀል ነው፣ ይከሰስበት። እዚያም የመዝገብ ሠራተኞቹ ናቸው የጠረጠሩት። በዚህ ምክንያት ግን ሳጥን የዘለለች እናት አጭበርባሪ መባል የለባትም።

ፍሎሪዳ በ2004 ይኸው ክርክር ነበር። ፎርሙ ግርጌ ላይ "ዜጋ ነኝ" ብሎ ምሎ የፈረመ ሰው፣ ከላይ ያለችውን የዜግነት ሳጥን ስላልሞላ ፎርሙ ጎደሎ ነው ተባለ። የሠራተኛ ማኅበራት ከሰሱ፣ ዳኛው ከምርጫው በፊት ክሱን ዘጉት። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የመምረጥ ብቃትን ለመወሰን በማያስፈልግ ስህተት ሰው አይከልከል ይላል። የ2002ቱ የፌዴራል የምርጫ ሕግ ደግሞ በፖስታ በሚላከው ፎርም ላይ የዜግነቷ ጥያቄ ካልተመለሰች መዝጋቢው አሳውቆ የማሟያ ዕድል ይስጥ ይላል። ይህን ደብዳቤ ነው የምትጥሉት! ማስታወቂያ መስሏችሁ ሳትከፍቱ ትጥሉታላችሁ።

ከሲያትል፦ ማንን እንምረጥ ታዲያ?

መልስ፦ አልመልስም።

ስሜን አልጽፍም ያለ አባል፦ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ባዛር ላይ አንዷ "ፈርም፣ ምንም የለውም" ብላኝ ፈረምኩ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በምንም ዓይነት እንዳትመርጥ። ዛሬውኑ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አናግር፣ የዜግነት ማመልከቻህን ከማስገባትህ በፊት። ማመልከቻው ለምርጫ ተመዝግበህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ብሎ መፈረም ከአገር ሊያስወጣ ይችላል፣ "አላወቅሁም" ማለት ደግሞ ብዙ ጊዜ አያድንም። ያስፈረመችህ ልጅ አብራህ አትቀርብም።

ከታኮማ ፓርክ፦ እኛ ከተማ ግን ዜጋ ያልሆነም ይመርጣል።

መልስ፦ ለከተማው ምርጫ ብቻ። እሱንም ጠበቃ ጠይቃችሁ።

ከሚኒያፖሊስ፦ ፎርሜ ተመልሷል፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሦስተኛ ጊዜ ልበል? ደብዳቤው የሚለውን ጻፉ። እኔ ከዚህ ሆኜ ፎርማችሁን አላየውም።

ስቴቱን ያልጻፈው አባል፦ ይቅርታ ጋሼ፣ አሁን ከፈትኩት። ቨርጂኒያ ነኝ፣ ፌርፋክስ። የትውልድ ቀንህ አይመሳሰልም ይላል። የተወለድኩት ነሐሴ 78 ነው፣ 1978 ብዬ ነው የሞላሁት።

መልስ፦ አየህ፣ አገኘነው። በኛ አቆጣጠር ጽፈህ ነው። መንጃ ፈቃድህ 1986 ይላል አይደል? ነገ ጠዋት ካውንቲው ምርጫ ቢሮ ደውልና አዲስ ፎርም ሙላ። ቀኑን ከመንጃ ፈቃድህ ላይ እያየህ ገልብጥ። የዜግነቷንም ሳጥን እንዳትዘላት።