ግንቡን ከውጭ ሆኜ የት ላንሳው?

ጥያቄ፦ በጥር ለወንድሜ ሠርግ ከደሴ ጎንደር እመጣለሁ። ጊዜዬ አጭር ነው፣ ብሩም በሠርጉ አልቋል። የፋሲልን ግንብ ሳልከፍል ከየት ሆኜ ፎቶ ላንሳው?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! እኔ ያደግኩት ከግንቡ አጥር ሥር ነው።

መጀመሪያ ጃን ተከል ዋርካ ሥር ቁሚ። ፎቶውን ባታነሺም ጥላው ያሳርፍሻል። ከዚያ አጥሩን በእግርሽ ዙሪው፤ 900 ሜትር ያህል ነው።

ለእኔ ግን ከጎሃ ኮረብታ የሚበልጥ የለም። በባጃጅ ወጥተሽ መንገዱ ዳር ቁሚ። ከሰዓት 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ድረሺ። ፊትሽን ወደ ከተማው ስታዞሪ ፀሐይዋ ከቀኝሽ ትመጣለች፣ ድንጋዩም ማር ይመስላል። በስልክሽ ዙም አታድርጊ፣ ምስሉን ያበላሸዋል። ይልቅ ዛፎቹን፣ የቆርቆሮ ጣሪያውን፣ ከኋላ ያሉትን ተራሮች አብረሽ አስገቢ። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ለምን እዚህ እንደቆረቆሩ ዓይንሽ ራሱ ይነግርሻል።

በጥምቀት ሰሞን ከሆነ ሰው ይበዛልና ቀደም በይ። ሰው ስታነሺ አስፈቅጂ፣ በተለይ እናቶችን።

ሌላ ጊዜ ስትመጪ ግን ቲኬት ቁረጪና ውስጡን እዪው፤ አደራ።