ሰው አልባው መኪና ዲሲ ሲመጣ የእኛ ሾፌሮች ምን ይበሉ?

መሪና መንገድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዲሲ ውስጥ ዩበርና ሊፍት እሠራለሁ። ጣሪያው ላይ የሚሽከረከር ነገር ያለው ነጭ ጃጓር አሥራ አራተኛ መንገድ ላይ ደጋግሜ አይቻለሁ። ጓደኞቼ «በቃ፣ እንጀራችን አለቀ» ይላሉ። እኔ ደግሞ አዲስ ካምሪ በብድር ልገዛ እያሰብኩ ነበር። ልግዛ ወይስ ልተው? ደግሞስ «ሙከራ ነው» ይላሉ፤ እኛን ማን ጠየቀን? አ.መ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከጥያቄዎችህ ሁሉ የመጨረሻዋ ትበልጥብኛለች። ከእሷ ልጀምር።

ያየኸው መኪና ሰው አልባ ታክሲ የሚያሠራው የዋይሞ ኩባንያ ነው። ጣሪያው ላይ የሚሽከረከረው ላይዳር ይባላል። በዓይን የማይታይ የሌዘር ጨረር እየላከ ዙሪያውን ይለካል። ካሜራና ራዳርም አለው። ኩባንያው በ2026 ዲሲ ውስጥ ሥራ እንደሚጀምር ያስታወቀው በ2025 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። የዲሲ የ2012 ሕግ ግን መሪውን ለመረከብ የተዘጋጀ ሰው ሾፌር ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። ስለዚህ ኩባንያው ሕጉ እንዲቀየርለት ከተማውን ሲወተውት ቆይቷል። ሕግ የሚቀየረው ደግሞ በካውንስሉ፣ ማለትም በከተማው ምክር ቤት ነው። ካውንስሉ ሕዝብ የሚናገርበት ስብሰባ ይጠራል። «ማን ጠየቀን» ላልከው መልሱ እዚያ ነው ያለው። ማንም ቤትህ መጥቶ አይጠይቅህም፤ ሄደህ ተመዝግበህ ነው የምትናገረው።

ሙከራ ሲባል በታጠረ ግቢ ውስጥ የሚደረግ ነገር ይመስላል። ይሄኛው የሚደረገው አንተ በምትሠራበት፣ ልጆቻችን በሚሻገሩበት መንገድ ላይ ነው። መኪናው ውስጥ ባትገባም ሙከራው ውስጥ አለህ። ስለዚህ ቁጥሩ ከመብዛቱ በፊት ሁለት ነገር ጠርቶ መታወቅ አለበት እላለሁ። ችግር ሲፈጠር ማን ነው እውነቱን የሚናገረው? ማንስ ነው «ቁም» የሚለው?

ለምን እንደዚህ እንደምል የሳን ፍራንሲስኮን ታሪክ ልንገርህ። በ2023 የከተማዋ የእሳት አደጋ ኃላፊ ሰው አልባ መኪኖች የእሳት አደጋ ሠራተኞችን መንገድ እየዘጉ፣ ውሃ መርጫ ቱቦ ላይ እየወጡ እንዳስቸገሩ ደጋግመው ተናገሩ። የካሊፎርኒያው ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ግን ነሐሴ ላይ 3 ለ 1 ድምፅ ሰጥቶ ዋይሞና ሌላው ሰው አልባ ታክሲ ኩባንያ ክሩዝ ቀንና ሌሊት በክፍያ እንዲሠሩ ፈቀደ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኦክቶበር 2 ማታ፣ ሰው የሚነዳው መኪና አንዲት እግረኛ ገጨና አመለጠ። ሴትየዋ የክሩዝ መኪና ፊት ወደቀች። የክሩዙ መኪና ፍሬን ቢይዝም ገጭቷት፣ ሥሩ እያለች ቆመ። ፍሬን ይዞ መቆሙን እኔም አንተም የምናደርገው ነው። ከዚያ ግን ኮምፒውተሩ ከጎን የተጋጨ መሰለው። ግጭት ሲኖር መንገድ እንዳይዘጋ ዳር እንዲይዝ ታዟል። ዳር ልያዝ ብሎ ተነሳ፤ ሴትየዋን ሥሩ እንዳለች 6 ሜትር ያህል ጎተታት።

ዳር መያዝ ጥሩ ሕግ ነው። ያወጡት ሰዎች ለደኅንነት ብለው ነው ያወጡት። ሾፌር ቢኖር ግን ወርዶ ከጎማው ሥር ያያል። ይህን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም፤ መንገድ ላይ የዋለ ማንኛውም ሰው ያውቀዋል። ለዚህ ነው ከሙከራው በፊት አምቡላንስ የሚነዳው፣ ትራፊክ ፖሊሱ፣ ታክሲ ነጂው መጠየቅ ያለባቸው።

የባሰው ደግሞ ከአደጋው በኋላ የመጣው ነው። ክሩዝ ለመንግሥት ባቀረበው ሪፖርት ውስጥ መጎተቱን አልጻፈም። ካሊፎርኒያ ኦክቶበር 24 ፈቃዱን አገደ። ክሩዝ በኋላ የሐሰት ሪፖርት ማቅረቡን አምኖ 500,000 ዶላር ተቀጣ። ባለቤቱ ጄኔራል ሞተርስ በ2024 መጨረሻ የታክሲውን ሥራ እርግፍ አድርጎ ተወው። እውነቱን ቶሎ አለመናገር ምን ያህል እንደሚያስከፍል አየህ?

ኦስቲን፣ ቴክሳስ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። የዋይሞ መኪኖች ልጆች ሊያወርድ የቆመ ቢጫ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ማለፍ ጀመሩ። ያስመዘገበው የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ነው፤ አውቶቡሶቹ ላይ ካሜራ ነበረውና። የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤትም በዚህ ዓይነት ጥፋት ላይ ምርመራ ከፍቷል፤ ዋይሞም በ2025 ዲሴምበር ሶፍትዌሩን ለማረም ሪኮል (ጉድለት ያለባቸውን መኪኖች ለእርማት መጥራት) አደረገ። ማስረጃው የመጣው እዚያው መንገድ ላይ ከነበሩት ነው።

ሌላውንም ወገን ሳልናገር አላልፍም። የዋይሞ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አለ። ሾፌር ሳይኖር በተነዳ 56.7 ሚሊዮን ማይል ውስጥ እግረኛ የሚጎዳ ግጭት ከሰው ሾፌር ጋር ሲነጻጸር በ92 በመቶ ያነሰ ነው ይላል። ጥናቱ የኩባንያው የራሱ ነው፤ ግን በሳይንስ መጽሔት ታትሟል፤ እኔም በቀላሉ አላየውም። መኪናው አይጠጣም፣ ስልክ አያይም፣ እንቅልፍ አይጥለውም። በሰከረ ሾፌር ልጁን ላጣ ወላጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ «ጨርሶ አይምጣ» አልልም። ነገር ግን ማይሉ የተነዳው ፊኒክስ፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ሎስ አንጀለስና ኦስቲን ነው። የዲሲ መንገድ ሌላ ነው። ሮክ ክሪክ ፓርክዌይ በሥራ ቀን ጠዋት ሙሉ በሙሉ ወደ ከተማ ይሆናል፣ ማታ ደግሞ ይገለበጣል። የባለሥልጣን አጀብ ሲያልፍ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ፖሊስ በእጁ ያቆምሃል። ዓርብ ማታ ዘጠነኛ መንገድ ምግብ ቤቶቻችን በር ላይ ስንት መኪና ደርቦ እንደሚቆም ታውቀዋለህ። በረዶ ሲጥል ደግሞ የመንገዱ መስመር ይጠፋል። ካውንስሉ ፊት ስትቀርብ «እንጀራዬን አትንኩ» ብቻ አትበል። ይህንን ንገራቸው። ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ያየኸውን።

እኔ ታክሲ በምነዳበት ዘመን የዲሲው ከንቲባ ፌንቲ ከተማውን በዞን ከፍሎ የሚያስከፍለውን ታሪፍ አንስተው ሒሳብ የሚቆጥር ሜትር አስገቡ። 2008 ላይ ነው። ሾፌሩ ሥራ አቁሞ የጮኸው ውሳኔው ከተነገረ በኋላ ነበር። ማንም አልሰማንም። አሁን ግን ገና ጊዜ አለ። አማርኛ ብቻ የሚናገሩ አዛውንት ሾፌሮችም አስተርጓሚ ጠይቀው መናገር ይችላሉ፤ በዲሲ ሕግ አማርኛ የከተማው አስተዳደር አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አባትህን፣ አጎትህን ይዘህ ሂድ።

ስለ መኪናው። በአትላንታና በኦስቲን ተሳፋሪ ዩበር ሲጠራ ሾፌር የሌለው ዋይሞ ሊመጣለት ይችላል። ሥራ የሚሰጥህ አፕ ለማሽኑም ይሰጣል ማለት ነው። ሥራህ በአንድ ሌሊት አይጠፋም። ነገር ግን እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ መጀመሪያ የሚቀንሰው መሐል ከተማ ያለው አጭር ጉዞ ይመስለኛል። ስለዚህ የ72 ወር ብድር አትፈርም። ያገለገለ ሃይብሪድ ፈልግ፤ ቢበዛ በሦስት ዓመት ተከፍሎ የሚያልቅ። ሻንጣ የበዛበትን የኤርፖርት ሥራና ሕመምተኛ ወደ ሐኪም የማመላለስ ሥራን ከአሁኑ ልመድ። አሮጊት እናት ክንዷን ይዞ ደረጃ የሚያወርዳት ሰው ትፈልጋለች፤ ያንን ላይዳር አይሠራላትም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ለንደን ሚኒካብ እነዳለሁ። ራሱን የሚነዳ መኪና ብገዛና እሱ እየነዳ ሰው ቢገጭ፣ የጥፋት ነጥቡ የሚመዘገበው እኔ መንጃ ፈቃድ ላይ ነው? ሰ.፣ ለንደን

መልስ፦ እህቴ፣ ብሪታንያ ለዚህ በ2024 ሕግ አውጥታለች። መንግሥት «ራሱን ይነዳል» ብሎ የፈቀደለት መኪና ራሱ እየነዳ ሳለ ለአነዳዱ ተጠያቂው ፈቃዱን የያዘው ድርጅት እንጂ አንቺ አይደለሽም። መኪናው «ተረከቢኝ» ብሎሽ የተሰጠሽ ጊዜ ካለፈ ግን ኃላፊነቱ ወደ አንቺ ይመለሳል። ለተጎዳው ሰው ደግሞ በ2018ቱ ሕግ መሠረት መጀመሪያ ኢንሹራንሱ ይከፍላል፤ ከዚያ ጥፋተኛውን ይጠይቃል። አንድ ነገር ልብ በይ። ዛሬ መስመር የሚጠብቅና ፍሬን የሚይዝ መኪና ሁሉ በዚህ ሕግ ራሱን ነጂ አይባልም። እጅሽን ብታነሺም ሾፌሯ አንቺ ነሽ፤ ነጥቡም የአንቺ ነው። ሻጩ «ራሱን ይነዳል» ካለሽ በ2024ቱ ሕግ መሠረት ፈቃድ እንዳለው በጽሑፍ እንዲሰጥሽ ጠይቂው።