የድሮ ሲጋራ ካርድ ላይ ያሉ ሴቶች፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

የምናወራው በ1880ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) አሜሪካ ውስጥ ከሲጋራ ጋር ስለሚታደሉት ካርዶች ነው። ከወዲሁ፦ ጀርባውን ሳታዩ አትግዙ። ኮፒው በዝቷል።

ጥ፦ ካርዱ ፓኮ ውስጥ ምን ይሠራል?

መ፦ ፓኮው ስስ ወረቀት ስለነበር ሲጋራው እንዳይሰባበር ነው። ኋላ ዋና ማስታወቂያ ሆነ።

ጥ፦ አንድ ካርድ አለኝ፣ ስንት ያወጣል?

መ፦ የቱ ካርድ? ፎቶ የለ፣ ጀርባ የለ።

ጥ፦ ሴቶቹ አለባበሳቸው የወይዘሮ ነው። ሀብታሞች ነበሩ?

መ፦ ይሄ ጥያቄ ነው! በልብሱ አትሸወዱ፣ ከሥር የተጻፈውን አንብቡ። የሪችመንዱ (ቨርጂኒያ) የሲጋራ ኩባንያ አለን ኤንድ ጊንተር በ1888 ያወጣቸውን «የዓለም ቆነጃጅት» ተመልከቱ። ሐር የመሰለ ቀለም፣ ባርኔጣ፣ ጌጥ። ስም ግን የለም፤ የከተማ ወይም የአገር መጠሪያ ብቻ ነው። ስም ያላት ተዋናይቷ ናት፣ እንደ ሊሊያን ረስል። እሷም ብትሆን በዚያ ዘመን ዝነኛ ናት እንጂ «ጨዋ» አትባልም። የትልቅ ሰው ሚስት እዚህ እምብዛም አትገኝም፤ መልኳ በሲጋራ ፓኮ መዞሩ ነውር ነው። ሊሊ ላንግትሪ የለንደን ከፍተኛ ኅብረተሰብ ወይዘሮ ነበረች፤ ካርድ ላይ የምናገኛት ግን በ1881 መድረክ ላይ ከወጣች በኋላ ነው። በስሟና በሙያዋ የገባችም አለች፦ ተኳሿ አኒ ኦክሌይ፣ በ1887ቱ «የዓለም ሻምፒዮኖች» ከቦክሰኞቹ ጋር።

አንድ አባል፦ ታዲያ ለተዋናይቷ ነፃ ማስታወቂያ አይደል? ተጠቅማለች።

ሌላዋ፦ ተዋናይቷ ካርድ ላይ አጭር ልብስ ለብሳ ባት ማሳየቷ ነው ጥቅሙ? የሚሸጠው እኮ ሲጋራው ነው!

ሦስተኛው፦ ኒያላ ፓኮ ውስጥስ ካርድ ነበር?

መ፦ ኒያላን ለሌላ ቀን። በባቱ ነገር የተቆጣው ግን የትልቁ ሲጋራ ነጋዴ የጄምስ ዱክ አባት ራሱ ነው። ሃይማኖተኛው ዋሽንግተን ዱክ በ1894 ለልጁ ለጄምስ ደብዳቤ ጽፎ እነዚህን ሥዕሎች አወገዘ። ወጣቱን ያበላሻሉ፣ ለሲጋራ ጠላቶችም መሣሪያ ይሆናሉ አለ።

ጥ፦ ሴቶች ቤዝቦል ሲጫወቱ የሚያሳይ አለኝ። እውነተኛ ቡድን ነው?

መ፦ አይደለም። ስቱዲዮ ውስጥ የቆሙ ሞዴሎች ናቸው። ጀርባውን አያችሁት?

ጥ፦ የኔስ ስንት ያወጣል?

መ፦ ከላይ መልሻለሁ።

ጥ፦ «ኤን 26» ማለት ምንድነው?

መ፦ የካርድ ሰብሳቢው ጄፈርሰን በርዲክ ያዘጋጀው የካርዶች ካታሎግ ቁጥር ነው። ስብስቡን ለኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰጥቷል። ድረ ገጻቸው ላይ ብዙውን ታገኙታላችሁ፤ ነገ ከመጠየቃችሁ በፊት እዚያ ፈልጉ።