ድመቱ መጽሐፍ ይዞ ለምን ተሸነፈ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም «ማውስ ትራብል» የተባለውን አጭር ካርቱን አንስተን፣ ያያችሁት አስተያየታችሁን እንድትልኩልን ጠይቀን ነበር። ላላያችሁት በአጭሩ፦ ፊልሙ ከቶም ኤንድ ጄሪ ተከታታይ አንዱ ነው። ኤምጂኤም የተባለው የአሜሪካ የፊልም ድርጅት በ1944 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው ሲሆን ያዘጋጁት ዊሊያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ ናቸው። ርዝመቱ ሰባት ደቂቃ አካባቢ ነው። ድመቱ ቶም፣ አይጥ እንዴት እንደሚያዝ የሚያስተምር መጽሐፍ በፖስታ ይደርሰዋል፣ የተጻፈውን ገጽ በገጽ ይሞክራል፣ በየገጹም ይመታል። የሚመሳሰሉትን ደብዳቤዎች አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ እኔን አላሳቀኝም። ድመቱ ያጠምዳል፣ ራሱ ይያዛል፤ ደግሞ ያጠምዳል፣ ደግሞ ይያዛል። ሰባት ደቂቃ ሙሉ አንድ ቀልድ። ይህ በምን ሒሳብ ኦስካር ተሸለመ?

መልስ፦ በዚህ ክስ የቀረበ የቶም ኤንድ ጄሪ ፊልም ሁሉ ጥፋተኛ ነው። ይህን ፊልም ከሌሎቹ የሚለየው መጽሐፉ ነው። በሌሎቹ ፊልሞች እያንዳንዱ ቀልድ ከመጀመሩ በፊት ቶም ምን እንዳሰበ ለማሳየት ጊዜ ይባክናል፤ ዕቃ ሲሰበስብ፣ ሲያደባ፣ በተንኮል ፈገግ ሲል እናያለን። እዚህ ግን አንድ ገጽ ለጥቂት ሰከንድ ይታያል፣ አለቀ። ተመልካቹ ድመቱ እንደሚሸነፍ ስለሚያውቅ የሚጠብቀው የመጽሐፉ ቃል በየትኛው በኩል እንደሚፈርስ ብቻ ነው።

መጽሐፉ ደግሞ ጥርጣሬ የሚባል ነገር የለበትም። «ጥግ የያዘ አይጥ ፈጽሞ አይዋጋም» ይላል። ቶም አይጡን ጄሪን ጥግ ያስይዘዋል፣ ተቀጥቅጦ ይወጣል፣ ከዚያ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሚያስፈራ ድምፅ «እንዳታምኑት!» ይላል። ዝም በሚል ገጸ ባሕርይ አፍ ውስጥ የገባች አንዲት ዓረፍተ ነገር ስለሆነች ነው እንዲህ የምትመታው። ቶም ፊልሙን ሙሉ ቢያወራ ኖሮ ማንም ልብ አይላትም ነበር።

«አንድ ቀልድ ነው» በሚለው የማንስማማው ግን በሌላ ምክንያት ነው። በተከታታዩ ውስጥ እንደ ልማድ የቶም ጉዳት በሚቀጥለው ትዕይንት ይጠፋል፤ ጠፍጣፋ ሆኖ የወጣው ድመት ወዲያው ደህና ሆኖ ይመለሳል። እዚህ አይመለስም። ጠመንጃውን ወደ አይጡ ጉድጓድ ሲሰድደው አፈሙዙ ዞሮ በራሱ ራስ ላይ ይወጣል፤ ፀጉሩ ተላጭቶ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ድረስ ዊግ አጥልቆ ነው የምናየው። በመጋዝ የተቆረጠ ወገቡም ታሽጎ ይዘልቃል። የተናከሳት አሻንጉሊት ድምፅ ሆዱ ውስጥ ገብቶ በየስቅታው ይወጣል፣ የመዝጊያው ቀልድም የሚሆነው እሱው ነው። ዕዳው እየተጠራቀመ ስለሚሄድ ፊልሙ ወደ አንድ ቦታ የሚጓዝ ይመስላል።

አንባቢው የሚረታበት ቦታም አለ። የትልቁ ብረት ወጥመድ ቀልድና የመዶሻው ቀልድ ጎን ለጎን የተቀመጡ መንትዮች ናቸው፤ አንዱ ቢወጣ ፊልሙ ምንም አይጎድለውም።

ጥያቄ፦ «የካርቱን ቀልድ ያለው በፍሬም ቁጥር ላይ ነው» ትላላችሁ። ቪዲዮውን እያቆምኩ ብቆጥርም ቁጥሩ በየጊዜው ይለያይብኛል። ስሕተቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ ስሕተቱ በአብዛኛው የፋይሉ ነው። ፊልሙ የተሠራው በሰከንድ 24 ፍሬም (ማለትም በተከታታይ የሚታዩ 24 ነጠላ ምስሎች) ነው። ስለዚህ ከመቁጠርዎ በፊት የፋይሉን መረጃ ከፍተው የፍሬም ፍጥነቱን ይዩ።

24 ወይም 23.976 ካለ በቀጥታ መቁጠር ይቻላል። 25 ካለ ፊልሙ በአራት በመቶ ያህል ተፋጥኗል ማለት ነው። የፍሬሞቹ ብዛት አልተለወጠም፣ የሰባት ደቂቃው ፊልም ግን በ6 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ያልቃል፣ ሙዚቃውም ቀጠን ይላል። ፍሬም ከቆጠሩ ልክ ነዎት፤ በሰዓት ከለኩ ይሳሳታሉ። 29.97 ካለ ነገሩ ይበላሻል። አራት የፊልም ምስል ወደ አምስት የቪዲዮ ምስል ስለተዘረጋ ከየአምስቱ አንዱ ትርፍ ነው፤ በአንዳንድ ቅጂ ደግሞ ሁለት ምስሎች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተጠላልፈው ይታያሉ። እንዲህ ያለ ፋይል ላይ ቆጥረው ያገኙትን ቁጥር በ0.8 ያባዙት፤ ከዚያም ቢሆን ግምት እንጂ ልክ አይሆንም።

ለመቁጠር በቪኤልሲ ማጫወቻ ቪዲዮውን አቁመው «ኢ» (E) የተባለችውን የእንግሊዝኛ ፊደል ቁልፍ ይጫኑ፤ በአንድ ጭነት አንድ ፍሬም ይሄዳል። ወረቀት ላይ ሦስት ረድፍ ያስምሩ፦ ዝግጅት (ገጸ ባሕርዩ ከመንቀሳቀሱ በፊት ወደ ኋላ የሚሰበሰብበት)፣ ምት፣ ከምቱ በኋላ ያለው ዝምታ። አዲስ ቆጣሪዎች የሚስቱት ሦስተኛውን ነው፤ ምንም ስለማይንቀሳቀስ ይዘሉታል። ሳቁ የሚመጣው ግን እዚያ ላይ ነው። ምቱ አንድ ሁለት ፍሬም ብቻ ሆኖ ሲያገኙት አይደንግጡ፤ ዓይን የሚያምነው ከፊቱና ከኋላው ያለውን ቆይታ አይቶ ነው።

አንድ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ሳይለወጥ ሲቆይ ቢያዩ ብልሽት አይደለም። አብዛኛው እንቅስቃሴ «በሁለት» ይሳላል፤ በሰከንድ 12 ሥዕል ማለት ነው። በጣም ፈጣኑና ካሜራው አብሮ የሚንሸራተትበት ግን «በአንድ» ይሳላል፤ ካሜራው እየሄደ ሥዕሉ በሁለት ከቆየ ገጸ ባሕርዩ ይንቀጠቀጣልና።

ሃና ጊዜውን የሚቀምረው በሜትሮኖም (የሙዚቃ ምት በሚቆጥር መሣሪያ) ነበር። ስለዚህ ሩጫና ድክ ድክ ውስጥ ቋሚ ቁጥር ይፈልጉ። በየ12 ፍሬሙ የሚወድቅ እርምጃ በደቂቃ 120 ምት ነው፣ በየ8 ፍሬሙ ከሆነ 180። ሙዚቃው ከእግሩ ጋር የሚገጥመው ሁለቱም ከአንድ ሒሳብ ስለሚነሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጄሪ የስጦታ ሳጥኑን በመጋዝ ሲቆርጥ ቶም ውስጡ እንዳለ ያውቃል? ካወቀ ጨካኝ ነው፤ ይህን ለልጅ ማሳየት ይከብደኛል።

መልስ፦ ከደብዳቤዎቹ ሁሉ የወደድነው ይህን ነው፤ ጥያቄው የፊልሙን ምርጥ ትዕይንት በትክክል አግኝቶታልና። ቅደም ተከተሉን ይዩት። ጄሪ መጀመሪያ ያንኳኳል፤ መልስ የለም። ከዚያ መርፌ ይሰካል፤ አሁንም ድምፅ የለም። መጋዙ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቆርጦ ሲጨርስ ወደ ውስጥ አጮልቆ ያያል፣ ምራቁን ይውጣል፣ «ሐኪም አለ?» የሚል ጽሑፍ ከፍ አድርጎ ያሳየናል። የሳጥኑን ውስጥ እኛ አናየውም።

ያ ምራቅ መዋጥ ባይኖር ጄሪ ነፍሰ ገዳይ ይሆን ነበር። መደንገጡ ነው የሚያድነው፤ ቢያውቅም እንኳ ነገሩ እዚህ ይደርሳል ብሎ አላሰበም። ውስጡ አለመታየቱም ጨዋነት ብቻ አይደለም፣ ተመልካቹ ራሱ የሚስለው ምስል ከማንኛውም ሥዕል ይብሳል፣ ያስቃልም። ለትንሽ ልጅ የሚያሳስበን ይህ ትዕይንት ሳይሆን የጠመንጃውና የድማሚቱ ነው፤ ድማሚቱን ቶም ሲለኩስ፣ እሳቱን በትንፋሹ ሲያራግብ ስለሚታይ። ልጁ አምስት ዓመት ካልሞላው አብራችሁት ተቀመጡ።

ጥያቄ፦ ያልገቡኝ ቀልዶች አሉ። «ሐኪም አለ?» ምኑ ነው የሚያስቀው? አሻንጉሊቷስ ምን እያለች ነው?

መልስ፦ ሁለቱም የ1940ዎቹን የሲኒማ ታዳሚ ያሰቡ ናቸው። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ቃል በቃል «ቤቱ ውስጥ ሐኪም አለ?» ይላል፤ በእንግሊዝኛ «ቤት» የሚለው ቃል የቴአትር አዳራሽንም ይጠራል፤ ታዳሚ በድንገት ሲታመም ከመድረክ የሚነገረው የተለመደ ጥሪ ይኸው ነው። ጄሪ የሚጠይቀው እንግዲህ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡትን ሰዎች ነው። በቤቱ ቴሌቪዥን ብቻውን ለሚያይ ሰው ግማሹ ይፈስሳል።

አሻንጉሊቷ «አንድ ቀን ብቅ በልና እየኝ» የምትለው ተዋናይቷን ሜይ ዌስትን በመኮረጅ ነው፤ አባባሉ ከ1933 ፊልሞቿ የወጣ ነው። የመጽሐፉ አሳታሚ ስምም «ራንደም ማውስ» ይላል፤ ራንደም ሐውስ በተባለው እውነተኛ አሳታሚ ላይ የተቀለደ ነው። ቶሎ ስለሚያልፍ ማቆም ያስፈልጋል። የአሻንጉሊቷ ክፍል በእኛ ግምት የፊልሙ ደካማ ጎን ነው፤ ይቅርታ የምናደርግለት ድምፁ ለመጨረሻው ትዕይንት ስለሚያስፈልግ ብቻ ነው። ቤቱ በሙሉ ፈንድቶ የጄሪ ጉድጓድ ብቻ ሲቀር፣ ቶም ደመና ላይ ተቀምጦ ወደ ሰማይ እየወጣ በስቅታው መሐል ያንኑ ግብዣ ይደግማል። ወዴት «ብቅ በል» እንደሚል ያስቡት።

ጥያቄ፦ ጄሪ አይቡን ከወጥመዱ ላይ አንስቶ ሲሄድ ወጥመዱ አይዘጋም። በእውነተኛ አይጥ እንዲህ ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ይሆናል። በስፕሪንግ የሚሠራው ወጥመድ (ዊሊያም ሁከር በ1894 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያወጣበት ዓይነት) የሚዘጋው ማጥመጃው የተቀመጠባት ትንሿ ብረት ስትጫን ወይም ስትነቀነቅ ነው። ቶም የሠራው ስሕተት ትልቅ ደረቅ የአይብ ቁራጭ እላዩ ላይ ማስቀመጡ ነው። እንዲህ ያለው በቀስታ ከላይ ይነሳል። መደረግ ያለበት የአተር ፍሬ የምታክል የለውዝ ቅቤ ብረቷ ላይ መቀባት ነው፤ ስለሚጣበቅ አይጡ ለመላስ መጫን ይኖርበታል። አይጥ እህልና ጣፋጭ ነገር ከአይብ ያስበልጣል፤ አይቡ ለሥዕል የሚያምር ስለሆነ ነው በካርቱን የነገሠው።

ቦታውን ግን ቶም ብዙም አልሳተም። አይጥ ግድግዳ ታክኮ ስለሚሄድ ወጥመድ መሐል ወለል ላይ አይቀመጥም፤ ማጥመጃው ወደ ግድግዳው ሆኖ፣ ወጥመዱ ከግድግዳው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዲሠራ ይደረጋል። አንድ ብቻም አይበቃም፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር እያራቁ መደርደር ያስፈልጋል። መሥራቱን ለማየት በጣት መንካት የቶም ዘዴ ነው፤ እርሳስ ይጠቀሙ።

ጄሪ በሌላ ቀዳዳ ወጥቶ ከቶም ኋላ የሚመጣበት ትዕይንትም ከእውነት አይርቅም። የቤት አይጥ እርሳስ በምታክል ስድስት ሚሊሜትር ገደማ በሆነ ክፍተት ሊያልፍ ይችላል። አንዱን ጉድጓድ መድፈን ዋጋ የለውም። ክፍተቶቹን ሁሉ ፈልጎ መጀመሪያ የብረት ሱፍ፣ ከላዩ መሙያ ማድረግ ይሻላል፤ መሙያ ብቻውን ከሆነ ይቦረቡረዋል።

«አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» ይባላል። እዚህ አፍንጫውን ይዞ ወደ ጉድጓዱ የሚሄደው ድመቱ ነው። የወተቱን ጎድጓዳ ሳህን ያዩ እንደሆነ ነገሩ ይበልጥ ይታያል፤ ጄሪ አይቡን አንስቶ በቦታው ወተት ሲያስቀምጥ ቶም የያዘውን ገመድ ጥሎ ራሱ ወጥመዱ ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ በእኔ ቅጂ ላይ የመጽሐፉ ጽሑፍ ከላይና ከታች ይቆረጣል።

መልስ፦ ፊልሙ የተሠራው ለጠባቡ የስፋትና የቁመት ምጥጥን፣ 1.37 ለ1 ነው። ለሰፊ ስክሪን ተብሎ ሲቆረጥ ከቁመቱ ወደ ሩብ የሚጠጋው ይጠፋል። በግራና በቀኝ ጥቁር ያለውን ቅጂ ይፈልጉ። ጥቁሩ አስጠልቷቸው ቴሌቪዥናቸውን «ሙላ» የሚሉ ሰዎች ቶምን ያወፍሩታል።

ጥያቄ፦ የቶም ጩኸት የማን ነው?

መልስ፦ የራሱ የዊሊያም ሃና ነው። ከቅጂው መጀመሪያና መጨረሻ ተቆርጦ ጉልበት ያለው መሐሉ ብቻ ስለቀረ ነው ያለ ማስጠንቀቂያ የሚፈነዳው።

ጥያቄ፦ በዚህ ዓይነት ቀጥሎ ምን እንይ?

መልስ፦ የ1946ቱን «ትራፕ ሃፒ»። እዚያ ቶም መጽሐፍ ትቶ በስልክ አይጥ አጥፊ ባለሙያ ይጠራል፤ የሚመጣው ቡች የተባለው ጥቁር ድመት ነው። ሁለቱን በአንድ ቁጭታ ይዩ። መጽሐፍ ሲሳሳት የሚመታው አንባቢው ብቻ ነው፤ ባለሙያ ሲሳሳት ግን የሚመቱት ሁለት ናቸው፣ ስለዚህ ቀልዱ ቶምና ቡች እርስ በርስ ወደሚያደርሱት ጉዳት ይዞራል። ሙዚቃውን የሠራው በሁለቱም ስኮት ብራድሊ ነው። አንዴ ድምፁን ዘግተው፣ አንዴ ዓይንዎን ጨፍነው ይሞክሩት፤ ዓይንዎን ጨፍነውም ቶም የት እንደወደቀ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ የኦስካሩን ሐውልት ሃና ነው ወይስ ባርቤራ የወሰደው?

መልስ፦ ሁለቱም አልወሰዱም። ተከታታዩ ሰባት ኦስካር አግኝቷል፤ ይህ ሁለተኛው ነው፣ በመጋቢት 1945 የተሰጠ። በዚያን ጊዜ ደንብ ሽልማቱ የሚሰጠው ለፕሮዲዩሰሩ ስለነበር መድረክ ላይ ወጥቶ የተቀበለው ፍሬድ ኩዊምቢ ነው። አንድም ሥዕል አልሣለም።