ስለ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ጠይቁኝ

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። 22 ዓመት በተሳቢ ጅቡቲ ተመላልሻለሁ። ባሕሩን ማየት የሚፈልግ ሁሉ እየደወለ ስለሚያስቸግረኝ አንዴ ልመልስና ልረፍ። ከሁሉ በፊት ግን ውሃ ያዙ።

ከደብረ ሲና፦ ጋሼ፣ መቼ ብንሄድ ይሻላል?

መልስ፦ ከኅዳር እስከ ጥር። የእኛ ክረምት እዚያ እሳት ነው፣ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በሐምሌ ጣርማበርን በጋቢ ታልፍና ድንበሩ ጋላፊ ስትደርስ ካናቴራው ራሱ ይከብድሃል።

ከመሐል ሜዳ፦ እስኪ ስለ ጅቡቲ ይንገሩን።

መልስ፦ ምኑን? ወደቡን? ሙቀቱን? ዓሣውን? ለይተሽ ጠይቂ እንጂ የኔ ልጅ።

ከአንኮበር፦ ድሮ ከአልዩ አምባ ባሕር ድረስ መንገድ ነበር ሲሉ እሰማለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እሰይ! እንዲህ ነው ጥያቄ። ታጁራን ታውቃታለህ? ከጅቡቲ ከተማ ማዶ፣ ከባሕረ ሰላጤው በስተሰሜን ናት። ነጫጭ ቤት፣ መስጊድ፣ ጸጥ ያለ ውሃ። ጅቡቲ ከተማ ገና ሳትቆረቆር የሸዋ የባሕር በር እሷ ነበረች። አፋሮች ግመላቸውን ጭነው ከታጁራ ይነሱና በጨው ሐይቁ በአሳል በኩል በረሃውን አቋርጠው አልዩ አምባ ገበያ ይደርሳሉ። ከዚያ ወዲያ አንኮበር ዳገቱ ነው።

በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ በዚሁ መንገድ መጣ። አሳል ዳር ሰዎቹ በውሃ ጥም ሊያልቁበት ነበር። (ውሃ ያዙ የምለው ለጨዋታ አይደለም!) ተርፈው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ደረሱ፣ በ1834 ዓ.ም. ውል ተፈራረሙ። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦም በ1879 ዓ.ም. ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ ተነሣ። አራት ወር ገደማ ተንከራቶ አንኮበር ሲገባ ምኒልክ የሉም፣ እንጦጦ ናቸው ተባለ። እዚያ ድረስ ተከትሎ ሸጠ፤ ትርፉ ግን እንዳሰበው አልሆነለትም። እኔ በመኪና የሮጥኩትን እነሱ በእግር! ሁሌ ይገርመኛል።

ከሞላሌ፦ ታዲያ አሞሌው ከአሳል ነበር የሚመጣው ማለት ነው።

ከአንኮበር፦ አሞሌ ከሰሜን ነው የሚመጣው፣ ከዳሎል በኩል። አትቀላቅል።

ከሞላሌ፦ አያቴ ጨው ከአዳል ይመጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። አያቴን ውሸታም ልትል ነው?

መልስ፦ ኧረ ረጋ በሉ! ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ተጠርቦ እንደ ገንዘብ የሚያገለግለው አሞሌ የሰሜኑ ነው። የአሳሉ በከረጢት የሚጫን ልቅም ያለ ጨው ነው። አያቱን ተዋቸው።

ከሸዋ ሮቢት፦ አሳልን ማየት ምን ዋጋ አለው? ሐይቅ ሐይቅ ነው።

መልስ፦ አይደለማ። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ነው፤ በአፍሪካ ከዚያ የሚያንስ ቦታ የለም። ከደብረ ብርሃን ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ትወርዳለህ ማለት ነው። ጨውነቱ የባሕርን አሥር እጥፍ ያህላል። ብትገባ አትሰጥምም፣ ቁስል ካለብህ ግን ትጮሃለህ። በቅርቡ ጉቤት የሚባል የባሕር ክንድ አለ፣ መሐሉ ላይ የሰይጣን ደሴት የሚሏት ጉብታ ትታያለች። እዚያ አካባቢ ሱቅ አትጠብቅ። ውሃ ያዝ።

ከደብረ ብርሃን፦ ሻርክ አለ ይባላል። ሰው ይበላል?

መልስ፦ ዌል ሻርኩን ከሆነ፣ አይበላም። ምግቡ የባሕር ደቃቅ ነገር ነው። ከጅቡቲ ከተማ በጀልባ ወደ አርታ ዳርቻ ይወስዷችኋል። እኔ ግን ከጀልባው አልወረድኩም። የደጋ ሰው ነኝ፣ ዋና የት ልማር?

ከመሐል ሜዳ፦ ቪዛስ?

መልስ፦ ኤምባሲውን ጠይቂ።

ከሸዋ ሮቢት፦ አሰብ ግን አይሻልም ነበር?

መልስ፦ አልገባበትም። ቀጥሉ።

ከአረርቲ፦ አሁን ገና መግባቴ ነው። ጋሼ፣ መቼ መሄድ ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ እንጂ ወንድሜ! ኅዳር አልኩ፣ ጥር አልኩ። እኔ እራቴ ቀረበ።

ከአረርቲ፦ እሺ ጋሼ፣ ይቅርታ። ምን ልያዝ?