ከአካውንቲንግ ወደ ሳይበር ደህንነት

ሰላም ጠያቂያችን፤ ድሬዳዋ ሳቢያን ሆነው፣ በአካውንቲንግ ዲግሪ ብቻ የሳይበር ደህንነት ሙያ መጀመር ይቻል እንደሆነ፣ ከየትስ እንደሚጀመር ጠይቀዋል።

ይቻላል። እንዲያውም ማን ምን የመፈጸም ሥልጣን እንዳለው፣ ማንስ እንዳጸደቀው መመርመር የለመደ የሒሳብ ሰው፣ አይ ኤስ ኦ 27001ን በመሰሉ ዓለም አቀፍ መስፈርቶች ለሚመራው የመረጃ ደህንነት ኦዲት ቅርብ ነው፤ እኔ ብሆን ይህን በር አልንቀውም።

ሆኖም ማንኛውንም የጠለፋ መሣሪያ ከመንካትዎ በፊት ኔትወርክን በደንብ ይማሩ። የአንድ ድረ ገጽ ስም በዲ ኤን ኤስ አማካይነት ወደ አይ ፒ አድራሻ (የሰርቨሩ የቁጥር መለያ) እንዴት እንደሚለወጥ፣ ኮምፒውተርዎ ከሰርቨሩ ጋር በፖርት 443 (ለተመሰጠረ የድረ ገጽ ግንኙነት በተመደበው የመግቢያ ቁጥር) እንዴት ግንኙነት እንደሚመሠርት፣ ሁለቱም በምስጢራዊ ቁልፍ ለመስማማት ምን እንደሚለዋወጡ በኔትወርክ የሚተላለፈውን መረጃ በሚያሳየው ዋየርሻርክ በተባለ ፕሮግራም በዓይንዎ ይከታተሉ። ይህም ሆነ ዊንዶውስዎን ሳይነኩ ሊኑክስን (ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው) ለመሞከር የሚያስችለው ቨርቹዋልቦክስ በነፃ ይገኛሉ፤ እዚያው ድሬዳዋ በከዚራ ሰፈር ፈጣን ኢንተርኔት ባገኙ ቀን አውርደው፣ አብዛኛውን ልምምድ ቤትዎ ያለ ኢንተርኔት መቀጠል ይችላሉ።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ያለ ፈቃድ የሌላ ሰው ሲስተም ውስጥ መግባት፣ ጉዳት ባያደርሱ እንኳ፣ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። ልምምድዎ በራስዎ ማሽን ላይ ይሁን፤ የሠሩትንም ሁሉ በጽሑፍ ይመዝግቡ፣ የሥራ ልምድ የሌለው አመልካች ለቀጣሪ የሚያሳየው እሱን ነውና።