ለልጅሽ አሳይመንት 1809ን ምረጡ

ሰላም እህቴ፣ ልጄ 9ኛ ክፍል ነው ከ1800 እስከ 1820 ካለው አንድ ዓመት መርጠህ የዛን ዓመት ታዋቂ ሰዎችና ክስተቶች ፃፍ ተብሎ መጣ፣ የቱን ይምረጥ፣ ደሞ ዓመቱ በኛ ነው በፈረንጅ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፣ ይሄንኑ አሳይመንት ለተማሪዎቼ በተደጋጋሚ ሰጥቼዋለሁ፣ ስለዚ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ብዙ ልጅ 1815ን ነው ሚመርጠው፣ ናፖሊዮን ዋተርሉ ላይ ስለተሸነፈ። አርባ ልጅ አንድ ዓይነት ወረቀት ያመጣልሻል፣ ከኢንተርኔት ኮፒ ፔስት፣ የቀን ዝርዝር ብቻ። እኔ ምመክረው እ.ኤ.አ. 1809ን ነው።

መጀመሪያ የዓመቱን ነገር እንጨርስ። የፈረንጅ አንድ ዓመት በኛ ሁለት ዓመት ላይ ነው ሚያርፈው። ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ድረስ ያለው 8 ተቀንሶ 1801 ይሆናል፣ ከኛ መስከረም 1 በኋላ እስከ ዲሴምበር ያለው ደሞ 7 ተቀንሶ 1802። ልጆቹ ሁሉንም 8 ቀንሰው ይመጣሉ፣ እዛ ላይ ነጥብ ይቆረጥባቸዋል። ለምሳሌ አራት ጊዜ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ግላድስተን ዲሴምበር 29 ቀን 1809 ነው የተወለደው፣ ስለዚ በኛ 1802 ነው። ግላድስተንን ያነሳሁት ደሞ በምክንያት ነው፣ በ1871 ጠቅላይ ሚኒስትር እያለ ከመቅደላ ተዘርፎ ስለመጣው ንብረት እንግሊዝ ፓርላማ ውስጥ ሲነሳ መወሰዱ እንደሚያሳዝነው የተናገረ ሰው ነው። ልጅሽ ይቺን ቢያስገባት አስተማሪው ደስ ይለዋል።

በዛ ዓመት አውሮፓ ጦርነት ላይ ነበረች። ናፖሊዮን ሜይ ላይ ቪየና ገባ፣ ታላቁ ሙዚቀኛ ሃይድን ከተማው በተያዘ በሳምንታት ውስጥ ሜይ 31 እዛው ቪየና በ77 ዓመቱ አረፈ። ጁላይ 5 እና 6 ዋግራም ላይ 300 ሺህ ገደማ ወታደር ሁለት ቀን ሙሉ ተዋጋ። ደቡብ አሜሪካ ላይ ደሞ በጁላይ ላ ፓዝ፣ በኦገስት 10 ኪቶ በስፔን ላይ ተነሱ፣ ኢኳዶሮች ዛሬም ኦገስት 10ን ያከብራሉ። አብርሃም ሊንከንና ቻርልስ ዳርዊን ደሞ በአንድ ቀን ነው የተወለዱት፣ ፌብሩዋሪ 12፣ አንዱ ኬንታኪ ውስጥ ከእንጨት በተሰራች አንድ ክፍል ቤት፣ አንዱ እንግሊዝ ውስጥ ከሀብታም ሐኪም ቤት። ሁለቱም እናታቸውን በልጅነታቸው አጡ፣ ዳርዊን በ8 ሊንከን በ9 ዓመቱ። ይሄን ሳስተምር ክፍሉ ሁሌ ፀጥ ይላል።

የኛን አገር ካነሳን ዘመነ መሳፍንት ነው። ጎንደር ላይ አፄ እጓለ ጽዮን ዙፋን ላይ አሉ፣ ጉልበቱ ግን ያለው የጁው ራስ ጉግሣ ጋ ነው፣ ትግራይን ራስ ወልደ ሥላሴ ይገዛሉ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1809 መጀመሪያ ከእንግሊዙ ንጉሥ ደብዳቤና ስጦታ ይዞ ወደኛ አገር ተነሳ፣ ሲደርስ ግን መንገዱ ሰላም ስላልነበር ጎንደር ሳይገባ ጨለቆት ላይ ራስ ወልደ ሥላሴን አግኝቶ ተመለሰ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ 1809ን እንድወደው ያደረገኝ ዓይነ ስውራን በጣታቸው እየዳሰሱ ሚያነቡትን ብሬይል የሚባለውን ጽሑፍ የፈጠረው ሉዊ ብሬይል ነው። ጃንዋሪ 4 ቀን ኩቭሬ በምትባል የፈረንሳይ መንደር ተወለደ፣ አባቱ ኮርቻና ልጓም ሰሪ ነበር። በ3 ዓመቱ አባቱ ሱቅ ውስጥ በወስፌ ሲጫወት ዓይኑን ወጋው፣ ቁስሉ አመርቅዞ ወደ ሌላኛው ተዛመተና በ5 ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ማየት አቆመ። በ10 ዓመቱ ፓሪስ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባ። ሻርል ባርቢዬ የሚባል የቀድሞ መኮንን ወረቀት ላይ ጎበጥ ብሎ በሚዳሰስ 12 ነጥብ ሚፃፍ ጽሑፍ ፈጥሮ ነበር፣ ግን አንዱ ምልክት ከጣት ጫፍ ይበልጥ ስለነበር በአንዴ አይዳሰስም። ሉዊ ወደ 6 ነጥብ አወረደውና በ15 ዓመቱ ጨረሰው፣ ያስተማረበት ትምህርት ቤት ግን በይፋ የተቀበለው በ1854 ነው፣ እሱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ። ይሄ ነገር እስካሁን ያናድደኛል።

ይሄን እኔ ያወኩት ከተማሪዬ ነው። አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ነበረኝ፣ ቆሎ ተማሪ ሆኖ ቆይቶ ነው ወደ ዘመናዊ የመጣው። ሌሎቹ ናፖሊዮንን ይዘው ሲመጡ እሱ በስሌትና በስታይለስ፣ ማለት በብሬይል መፃፊያው ሰሌዳና መውጊያ፣ የወጋውን ወረቀት ይዞ መጣ፣ ወፍራም ወረቀት ስላላገኘ ያለፈ ዓመት ካላንደር ጀርባ ላይ ነበር የፃፈው። በጣቱ እያነበበ ሲጨርስ ልጆቹ ፊደላችን ከ200 በላይ አይደል እንዴ በ6 ነጥብ እንዴት ይበቃል ብለው ጠየቁት። በ6 ነጥብ ሚወጣው 63 ዓይነት ብቻ ነው አለ፣ ስለዚ ሁ ብሎ ለመፃፍ አንዴ ሀን ከዛ የኡን ድምፅ ለብቻ ነው ምንወጋው፣ ግዕዝ ካዕብ ሳልሱ በቅርፅ ሳይሆን በድምፅ ነው ሚለየው ብሎ አስረዳቸው። የዛን ቀን እኔም ተማርኩ፣ ስንት ዓመት አስተምሬ ስለ አማርኛ ብሬይል አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር ደሞ አረመኝ። የሉዊን ልደት ሰሌዳ ላይ ታኅሣሥ 26 ብዬ ፃፍኩ፣ ዘንድሮ ግድግዳ ላይ ካለው ካላንደር ቆጥሬ። ሲነበብለት ሰማና አይደለም ቲቸር 27 ነው አለኝ፣ ፈረንጆቹ 1900 ላይ አንድ የፌብሩዋሪ ቀን ዘለዋል እኛ ጳጉሜን አልዘለልንም፣ ስለዚ ከዛ በፊት ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ያንሳል አለ። ቁጭ ብዬ ሳሰላው ልክ ነው፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1801፣ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው። ልጅሽም እንደዛ ብሎ ይፃፍ፣ የሊንከንና የዳርዊንን ደሞ የካቲት 6 ያድርገው፣ አስተማሪው 5 ነው ካለ ይሄንኑ ምክንያት ይንገረው።